ኢድዮ ባቲ

ረሂማ ያንን ቃል መጀመሪያ የሰማችው ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከባሏ ከበሺር ጀርባ ቆማ ነበር። በሺር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሐኪሟ ዶክተር ጽናት ገና ወጣት ናት፤ ተረኛ ሆና ስላደረች ዓይኗ ቀልቷል። የሳንባውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ብዙ አየችው። ከዚያ ዙሪያዋን ለቆሙት ተማሪዎቿ በእንግሊዝኛ ታስረዳ ጀመር። ረሂማ እንግሊዝኛ አታውቅም። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ንግግር መሃል አንዲት ቃል እየተመላለሰች ስትመጣ ጆሮዋ ለይቶ ያዛት። ተማሪዎቹም ቃሏ በተጠራች ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"ዶክተር፣ በሽታው ታወቀ?" አለች ረሂማ፣ መጠበቅ ሲያቅታት።

"ሳንባው ጠባሳ እየሠራ ነው እናቴ። እየደረቀ፣ እየጠነከረ ነው። ለዚህ ነው አየር አልገባ የሚለው።"

"ስሙስ? ስሙ ማነው?"

ጽናት ትንሽ አመነታች። "ኢዲዮፓቲክ እንለዋለን" አለች። "ምን ማለት መሰልዎ..." ብላ ስትጀምር አንዲት ነርስ ከኮሪደሩ እየሮጠች መጥታ ጠራቻት። "ቆዩኝ፣ መጣሁ" ብላ ወጣች።

ቆዩ። የመጣው ግን ሌላ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት አዘዘላቸው፣ የቀጠሮ ቀን ነገራቸው፣ አሰናበታቸው።

በሺር ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ስሙ የታወቀ ጎሚስታ ነው። ከጅቡቲ መንገድ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። የተሳቢ ጎማ ብቻውን አንከባሎ ብቻውን የሚገጥም፣ እየሠራም ከመንገዱ ማዶ ካሉት ጋር በጩኸት የሚጨዋወት ሰው ነበር። አምና ከረመዳን በኋላ ደረቅ ሳል ጀመረው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና ለወራት የቲቢ መድኃኒት ዋጠ፤ አልሆነም። አስም ነው ተባለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጠው፤ አልሆነም። ጎረቤቱም የየራሱን አለ፤ አንዱ ብርድ ነው፣ አንዱ የላስቲክ ሽታ ነው፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው። እያደር ከአልጋው ተነስቶ ደጅ እስኪደርስ ግድግዳ ይዞ የሚያርፍ ሆነ። ሱቁን ታናሽ ወንድሙ ሚስባህ ያዘለት።

ረሂማን ከበሽታው እኩል ያንገበገባት ስም ማጣቱ ነበር። ዱዓ ስታደርግ እንኳ "ያረቢ፣ ይኼን ነገር አንሳለት" ትላለች እንጂ ነገሩ ምን እንደሆነ አታውቅም። ስም ካገኘ መድኃኒት ያገኛል፤ ልቧ የሚላት ይህንን ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ከደሴ ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ቃሉ እንዳይጠፋባት በከንፈሯ ስትደጋግመው መጣች። ኢዲዮፓቲክ። ኢድዮፓቲ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቃት አቋረጠች፤ እንደገና ጀመረች። ኮምቦልቻ ሲገቡ በአፏ ላይ የቀረው "ኢድዮ ባቲ" ነበር።

ሚስባህ በር ላይ ተቀበላቸው። "እህ፣ ምን አሉ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ስሙ ተገኘ" አለች ረሂማ። "ኢድዮ ባቲ ነው አሉ።"

"ባቲ? ባቲ ነው ያልሽው?"

"ኢድዮ ባቲ።"

ሚስባህ ወደ ወንድሙ ዞረ። በሺር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ ቀስ እያለ ሲበራ ረሂማ አየችው። በወጣትነቱ፣ ሳያገባት በፊት፣ ባቲ ገበያ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር። እህልም ጨውም ተሸክሟል።

"ጨዉ ነው" አለ። "ወላሂ ጨዉ ነው። ስናራግፈው... ደመና ሆኖ ነበር የሚነሳው። አፋችንን እንኳ... አንሸፍንም።" ይኼን ሁሉ ሲናገር ትንፋሹ አለቀበትና ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው ግን እየሳቀ ነበር። "አገኘሁት። ከየት እንደመጣ አገኘሁት።"

ረሂማ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ማየቷ ስለነበር አብራው ሳቀች።

ባቲ እንሂድ የሚለውን ያመጣው ሚስባህ ነው። "በከተማው ስም ከተጠራ እዚያ የታመመው አንድና ሁለት ሰው አይደለም ማለት ነው" አለ። "የዳነ ካለ ደግሞ በምን እንደዳነ እነሱ ያውቃሉ።" ረሂማ የሐኪሙን ቀጠሮ አስታወሰች። በሺር ግን ቆርጦ ነበር። "እስከ ቀጠሮው እንመለሳለን" አለ። "እዚህ ተቀምጬ ምን እሆናለሁ?"

ሚስባህን ሱቁ ላይ ትተው ባልና ሚስቱ በሰኞ ገበያ ሄዱ። መኪናው ወደ ቆላው በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ የበሺርም ትንፋሽ እየቀለለ የሄደ መሰለ። ያረፉት የልጅነት ጓደኛው ሙንዚር ቤት ነው። በማግስቱ በሺር ከመደቡ ተነስቶ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ ደጃፍ ካለው ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ምግብም በላ። ረሂማ ለሚስባህ ስልክ ደውላ "አብሽር፣ ወንድምህ ሊነሳ ነው" አለችው። ቆላ መውረድ ለእንዲህ ያለ ሳንባ ትንሽ ፋታ እንደሚሰጥ፣ ፋታውም እንደማይቆይ፣ ማን ይንገራት?

ሙንዚር ጸጉሩ የሸበተ፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። ከበሺር ጋር አብረው ነበር ሸክም የጀመሩት። በሺር ከሄደ በኋላም እሱ አልተወውም፤ አሁንም በገበያ ቀን ጆንያ ያነሳል። የበሽታውን ስም ሲነግሩት ግንባሩን ቋጠረ።

"ኢድዮ ባቲ? እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ፤ እንዲህ የሚባል ሰምቼ አላውቅም" አለ።

"የጨዉ አቧራ ነው እኮ" አለ በሺር።

"ጨዉማ እኔም..." አለና ሙንዚር ዝም አለ። የጓደኛውን ፊት አይቶ ነው ዝም ያለው። ረሂማም አየች። ሙንዚር ከጓሮ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ሲገባ፣ አስቀምጦም ሳያለከልክ ወሬውን ሲቀጥል ተመልክታው ነበር። በዚያን ሰዓት አንድ ሐሳብ ብቅ አለባት። ወዲያው ገፋችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ትንፋሹ ተመልሶ ተያዘ። በሺር መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ፈልግልኝ እያለ ሙንዚርን ወጠረው። ሙንዚር ሳይወድ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዳቸው። ሽማግሌው አታላይ ሰው አልነበሩም። "የዚህን በሽታ ስም አላውቀውም" ብለው ነው የጀመሩት። "ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲመጣ ግን ቅጠል አጥነዋለሁ። የተሻለው አለ፤ ያልተሻለውም አለ።"

"ያጥኑኝ" አለ በሺር።

ረሂማ ክንዱን ያዘችው። "ለሐኪሟ ሳንነግር? ጭስ እኮ ነው በሺር።"

"ከዚህ በላይ ምን ልሆን ረሂማ?"

ከሰል ላይ ቅጠሉን አደረጉት፤ ጋቢ አለበሱት። መጀመሪያ ሳል ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ሳሉ ቆመ፤ ጋቢው ሥር እጆቹ አየር ሲቧጥጡ ታየ። ረሂማ ጋቢውን ገፍፋ ስትጥለው ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ፈጦ ነበር። ሽማግሌው "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያሉ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፉበት። ሙንዚር በሺርን እንደ ድሮው ጆንያ ተሸክሞት እስከ አስፋልቱ ሮጠ።

የተገኘው መኪና ኮምቦልቻን ሳይቆም አልፎ በሐረጎ ወደ ደሴ ወጣ። ወደ ደጋው በወጡ ቁጥር የበሺር ራስ በረሂማ ትከሻ ላይ እየከበደ ሄደ።

ኦክስጅን ተደረገለት፤ ነፍሱ ተመለሰች። ከዚያ አልጋ ግን አልወረደም። ረሂማ ቀኑን ከሱ ጋር ትውላለች፤ ልብስ ለማጠብና እህል ለመቅመስ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ የኔነሽ ቤት ትሄዳለች። የኔነሽ ኮምቦልቻ ሳለች ግድግዳ ለግድግዳ የኖረች ጎረቤቷ ናት፤ አሁን ከባሏ ከመምህር አግማስ ጋር ደሴ ትኖራለች። አግማስ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ደግ ነው፤ ወሬ ከጀመረ ግን አያቆምም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የኔነሽ "ኧረ ለመሆኑ ምን በሽታ ነው አሉት?" ብላ ጠየቀች።

"ኢድዮ ባቲ" አለች ረሂማ።

አግማስ ጉርሻውን አስቀመጠ። "ምን አልሽኝ?"

"ኢድዮ ባቲ፣ ጋሽ አግማስ። የባቲ በሽታ ነው። በወጣትነቱ ጨው ሲሸከም የያዘው።"

"እንዲህ የሚባል... ቆይ። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ነው ያለችው?"

"አዎ፤ ለተማሪዎቿ ስትነግራቸው ነው የሰማሁት።"

አግማስ ቃሉን በአፉ አገላበጠው። ኢድዮ ባቲ፣ ኢድዮ ፓቲ... ድንገት ጠረጴዛውን መታ። "ኢዲዮፓቲክ! ኢዲዮፓቲክ ነው ያለችሽ!" ደስታው ፊቱ ላይ ተረጨ። ከክፍል ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነበር። "ይኼማ ብርቅ ቃል ነው! ባቲ እዚህ ውስጥ ምን ታደርጋለች? የግሪክ ቃል ነው፤ እንግሊዞቹ በላቲን በኩል ተውሰውት ነው። ሁለት ቃል ነው የተጣበቀው። 'ኢዲዮስ' ማለት የራስ፣ የግል ማለት ነው። ሰው ሲሰዳደብ 'ኢዲየት' ይል የለም? ሥሩ አንድ ነው። ጥንት ግሪኮቹ ዘንድ ስድብ አልነበረም፤ በአገር ጉዳይ የማይገባ፣ በራሱ ብቻ የሚኖር ሰው ማለት ነበር። 'ፓቶስ' ደግሞ ሕማም ነው፤ ሕማማት እንደምንለው። ሁለቱን ስትገጥሚያቸው 'የራስ ሕማም' ይሆናል። ከሌላ በሽታ ያልተወለደ፣ ከውጭ ያልመጣ፣ በራሱ የተነሳ ማለት ነው። ኋላ ላይ ሐኪሞቹ..."

"አግማስ" አለች የኔነሽ።

"አንድ ጊዜ። ኋላ ላይ ሐኪሞቹ መነሻው ያልታወቀ በሽታ ሲገጥማቸው..."

"አግማስ! ፊቷን እያት እንጂ!"

አግማስ ቀና አለ። ረሂማ እጇን ሳህኑ ላይ እንዳስቀመጠች ደርቃ ቀርታለች።

"መነሻው ያልታወቀ ነው ያሉት?" አለች።

አግማስ ዓይኑን ወደ ሚስቱ መለሰ።

"ጋሽ አግማስ፣ ይንገሩኝ። ስም አይደለም እንዴ?"

"ስም ነው" አለ ቀስ ብሎ። ደስታው ከድምፁ ወጥቶ ሄዷል። "ስም ነው... ግን ከምን እንደመጣ አናውቅም ለማለት ነው የሚጠሩት። ይቅር በይኝ ረሂማ፤ እኔ ቃሉን ብቻ ሳይ..."

"ምን አጠፉ እርስዎ?" አለች። እጇን ታጥባ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። የኔነሽ እየተከተለች "ምሳሽን እንኳ" አለቻት፤ አልሰማችም። ሆስፒታሉ ቅርብ አይደለም፤ በእግሯ ሄደች። በመንገድ ላይ የምታስበው ጋቢው ሥር አየር ይቧጥጡ የነበሩትን እጆች ነው። ባቲ የሚለውን ቃል እሷ ናት ያመጣችው። ሌላ ማንም አላመጣውም፤ ከራሷ አፍ ነው የወጣው።

ዶክተር ጽናትን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አገኘቻት። መሳደብ አልፈለገችም፤ ጉልበቱም አልነበራትም።

"ዶክተር፣ ያኔ የነገርሽኝ ስም አናውቅም ማለት ነው አሉኝ። እውነት ነው?"

ጽናት ቆመች። "እውነት ነው" አለች። "ያን ዕለት ላስረዳዎ ነበር፤ ተጠርቼ ሄድኩ። ስመለስ እናንተ አልነበራችሁም።"

"እኔ ባቲ ያልሽ መስሎኝ ባቲ ወሰድኩት።"

ሐኪሟ ነገሩ እስኪገባት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ጭሱ ነው የሚገድለው?" አለች ረሂማ።

"ጭሱ አባብሶበታል። አልዋሽዎትም። ግን ባትሄዱም ይህ በሽታ የሚመለስ አይደለም። የሚያዘገየው መድኃኒት አለ ይባላል፤ እኛ ዘንድ የለም። ቢኖርም አያድንም።"

"ባንሄድ ስንት ጊዜ ይቆይ ነበር?"

"አላውቅም" አለች ጽናት። ይኼኛውን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ረሂማም ወዲያው ገባት።

ስትገባ በሺር ነቅቶ ነበር። የኦክስጅኑ ጭምብል ሥር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጎንበስ አለችለት።

"ጨዉ ነው... አይደል?" አለ።

እውነቱን ልትነግረው ነበር የመጣችው። አቃታት። "አዎ፤ ጨዉ ነው" አለችው።

ጣሪያውን እያየ አየር ሰበሰበ። "ሙንዚር ግን... ከኔ የበለጠ ነው የተሸከመው" አለ። "እሱ ደህና ነው።" እንደገና ሰበሰበ። "ታዲያ እኔን... ምን አድርጌ ነው?"

ረሂማ ግንባሩን በእጇ አበሰች። "ምንም አላደረግክም። ምንም" አለችው። ያንን ያመናት አልመሰላትም፤ ዓይኑን ከጣሪያው አላወረደም። ሌላ ነገርም አልጠየቃትም። በነጋታው ረፋድ ላይ፣ ፊቱን እያጠበችው፣ በእጇ ላይ ሞተ።

ኮምቦልቻ ቀበሩት። የመናኸሪያው ሾፌር ሁሉ መጣ፤ ሙንዚር ከባቲ፣ የኔነሽና አግማስ ከደሴ መጡ። ሙንዚር ረሂማን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ እሷም ልታጽናናው አልቻለችም። ሰው ሁሉ ሲሄድ ረሂማ ዒዳዋን፣ የባሏን ሞት ሐዘን ጊዜ፣ ተቀመጠች። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው ግን አላቆመም፤ የመጣው ሁሉ "ምን አግኝቶት ነው?" ይላል። ሚስባህ በር አጠገብ ተቀምጦ እሱ ነው የሚመልሰው።

"የባቲ በሽታ ነው። በእንግሊዝኛ እንኳ ስሙ ኢድዮ ባቲ ይባላል። የጨዉ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዓመት ሙሉ፣ ዕድሜ ሙሉ ይደበቃል።"

ሥርጉት የምትባል የሰፈር ሴት ይህንን ስትሰማ ደረቷን ይዛ ተነሳች። ልጇ ባቲ መንገድ ሥራ ላይ ተቀጥሯል። "ዛሬውኑ ደውዬ ና እለዋለሁ" አለች። "እንጀራው ይቅርበት!"

"አይደለም" አለች ረሂማ፣ ከተቀመጠችበት ጥግ። "ሥርጉት፣ ልጅሽን ከሥራው አታስወጪው። የባቲ አይደለም። እኔ ነኝ አጣምሜ የሰማሁት።"

"ታዲያ ምንድነው?" አለች ሥርጉት።

ረሂማ አግማስ የነገራትን ፈለገች። ግሪኩን፣ ላቲኑን፣ ሁለቱን የተጣበቁ ቃሎች። ከዚያ ሁሉ በአፏ ላይ የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው። "የራሱ ሕመም ነው" አለች። "ከማንም፣ ከምንም አልመጣም። ከራሱ ነው።"

ሚስባህ ብድግ አለ። "ከራሱ?" አለ። "ወንድሜ በገዛ እጁ ነው የሞተው ነው የምትይው? አፈሩ ሳይደርቅ ጥፋተኛ ታደርጊዋለሽ?"

"እንደሱ አላልኩም ሚስባህ፤ ቃሉ ነው እንደዚያ የሚለው..."

"የት ያለ ቃል? ባቲ የወሰድሽው አንቺ! ያስጨስሽው አንቺ! አሁን ደግሞ ከራሱ ነው?" ከዚያ በላይ አልተናገረም። ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ አሮጊት "ሐዘን ነው የሚያናግራት፤ አላህ ያጽናት" አሉ፤ ሌሎቹ "አሚን" አሉ። ሥርጉት ስልኳን እየነካካች ወጣች። ልጇ በዚያው ሳምንት ሥራውን ትቶ መጣ፤ ሌላ ሥራም አላገኘም።

ሚስባህ ለብዙ ጊዜ ወደዚያ ቤት አልመጣም። ሐርቡ ከተማ የተዳረችው የረሂማና የበሺር ልጅ በሽማግሌ ለመነችው፤ ረሂማም ተሳስቼ ነው ብላ ይቅርታ ላከችበት። ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ፣ አዲስ ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ "ባለቤትሽን ምን ነበር የያዘው?" ሲላት፣ ሚስባህ ቀና ብሎ ያያታል።

"ባቲ ነው የያዘው" ትላለች። "ጨዉ ነው።"

ሰውየውም ራሱን ይነቀንቅና "አላህ ይዘንለት" ይላል፤ እሷም "አሚን" ትላለች።